የአባቷ ትንፋሽ፣ የተዋናዩ ጉንጭ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አባቷ ለአራተኛ ጊዜ ተሳሳተ።

«ካት! አቁሙ» አለች የፊልሙ ዳይሬክተር። ከድምፅ ማጉያው ይፈስ የነበረው የሳክስፎን ዜማ ተቋረጠ። አባቷ ግን ልብ ሳይል ጥቂት ብቻውን ነፋና አዳራሹ ጸጥ ማለቱን ሲያውቅ አፉን ከመሣሪያው አላቀቀ።

ሴት ልጁ ፉጨት ከመብራት ማቆሚያዎቹ ጀርባ አንድ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ነበር። ይህን ቅጽል ስም ያወጣችላት አክስቷ ናት፤ ልጅቱ ገና በቅጡ መናገር ሳትጀምር የአባቷን ዜማ እየተከተለች ስታፏጭ ሰምታ «ይቺስ አፏን የፈታችው በፉጨት ነው» ብላ። አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል፤ ቅጽል ስሙ ግን አልለቀቃትም።

አባቷ የጃዝ ሰው ነው፤ እንጀራው ደግሞ የፊልም ሙዚቃ። ስቱዲዮ ገብቶ፣ ድምፅ አልባውን ፊልም በስክሪን ላይ እያየ፣ ሴትየዋ በሩን ስትዘጋ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሰውየው የተጻፈለትን ደብዳቤ ሳያነብ ሲቀድደው፣ ለእያንዳንዱ ትንፋሹን ሲመጥን ኖሯል። የፊልሙ ባለታሪክ ሳክስፎን ተጫዋች የሆነ እንደሆነም፣ በስክሪኑ ላይ ጉንጩን የሚነፋው ተዋናዩ ነው።

«ትንፋሹ የእኔ፣ ጉንጩ የሰው» ይላል አባቷ። «ፊት የሌለው ሙያ ነው።» ስለዚህም ፉጨት ሳክስፎን እንድትነካ ፈቅዶላት አያውቅም። «አንቺ ትምህርትሽን። የሰው ጥላ ሆነሽ እንድትኖሪ አልፈልግም።»

ዛሬ ግን ቀኑ ሌላ ነበር። ዳይሬክተሯ በፊልሙ መጨረሻ ላይ ራሱ አባቷ እንዲታይ ጠይቃ ነበር። ዜማው ባለፈው ሳምንት በስቱዲዮ ተቀርጿል፤ የዛሬው ሥራ ያንኑ ድምፅ እየሰሙ ጣትን ከእርሱ ጋር ማስማማት ብቻ ነው። ለተዋናይ ይህ የልምምድ ጉዳይ ነው። ለአባቷ ግን አንዱን ዜማ ሁለቴ መድገም፣ የትናንትን ወሬ ቃል በቃል ለዚያው ሰው መልሶ እንደ ማውራት ሆነበት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ዳይሬክተሯ። «መጨረሻው ላይ ጣትዎና ድምፁ ይለያያሉ።»

«እኔም ታውቆኛል፣ ልጄ።»

«ሼባው ከራሱ ጋር ተጣላ እኮ» አለ ካሜራማኑ ለረዳቱ። ያንሾካሾከ መስሎት ነው።

«ሼባው ይሰማል» አለ አባቷ። «ያስቸገረኝ ያ ባለፈው ሳምንት የነፋው ሰውዬ ነው፤ እሱን አነጋግርልኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ፉጨትም ሳቀች፤ ሳቋ ግን የዳይሬክተሯን ቀጣይ ቃል ስትሰማ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«አዳራሹን በአራት ሰዓት እናስረክባለን። አንድ ጊዜ እንሞክር። ካልሆነ ግን ከቅርብ የሚታየውን በተዋናያችን እናነሳለን፤ እርስዎን ከሩቅ፣ ከጀርባ።»

የአባቷን ዓይነት ኮት ለብሶ ጥግ ላይ የቆመው ተዋናይ አንገቱን ደፋ። «እኔ ባልሆን እመርጣለሁ፣ ጋሼ» አለ።

«ግድ የለም፣ የለመድኩት ነው» አለ አባቷ።

ግድ እንዳለው ፉጨት ታውቃለች። ጠዋት ጫማውን ወልውሎ ሲያበቃ እንደገና ሲወለውለው አይታዋለች። ትንሽ ልጅ ሳለች ሲኒማ ቤት ይወስዳት ነበር፤ ዜማው ሲጀምር በጨለማው ውስጥ እጇን ጨበጥ አድርጎ «እዚህ ጋ እኔ ነኝ» ይላታል። ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም መውጣት ሲጀምር ሰዉ ብድግ ብድግ ይላል፤ የአባቷ ስም ሁልጊዜ ከሰው ጀርባ ያልፋል።

የተሳሳተበትን ምክንያትም ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት ቀረጻ መጨረሻ ላይ ትንፋሹ አጥሮበት አንድ ድምፅ ተሰንጥቆ ነበር። እርሱ እንደገና ልንፋው ሲል፣ ዳይሬክተሯ ዓይኗን እየጠረገች «ያቺን ስንጥቅማ አልሰጥም» ብላ እንዳስቀረችው ራሱ እየሳቀ ነግሯታል። አሁን ግን እዚያ በደረሰ ቁጥር ጣቱ ሳያዘው ስህተቱን ያርማል። ትንሽ ዘግይቶ መነሳት የነበረበት ጣት ቀድሞ ይነሳል።

ይህን እንዴት አወቀች? አባቷ ሥራ በሚውልበት ከሰዓት በኋላ፣ የእርሱን አሮጌ ሳክስፎን ከአልጋ ሥር አውጥታ፣ ድምፁ እንዳይሰማ የመሣሪያውን አፍ በፎጣ ወትፋ፣ አባቷ ለልምምድ ቤት ያመጣውን ቅጂ እየሰማች ያቺን ቦታ እስክትሰነጠቅ ድረስ ስትነፋት ስለሰነበተች ነው። ስህተቱን ከባለቤቱ በላይ ተምራዋለች።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብትናገር ግን ፎጣውም፣ አልጋ ሥሩም፣ የከሰዓት በኋላ ልምምዷም አብረው አደባባይ ይወጣሉ፤ አባቷ ደግሞ ሳክስፎኑን አንዴ ቆለፈበት ማለት ቆለፈበት ነው። ጫማዋን አየች። የደብተሯ፣ የጫማዋ፣ ታማ የተኛች ጊዜ የመድኃኒቷ ምንጭ ያ ትንፋሽ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ «ደከመኝ» ሲል አልሰማችውም።

ተነሳች።

«እትዬ፣ ዣንጥላዎን ያውሱኝ» አለቻት ሜካፕ የምትሠራውን ሴት።

«ምነው፣ ጣሪያው ያፈሳል?» አለች ሴትየዋ፤ ሰጠቻት ግን።

ፉጨት ከካሜራው ሥር በርከክ ብላ የተጠቀለለውን ዣንጥላ እንደ ሳክስፎን ያዘች፤ ግራ እጇ ከላይ፣ ቀኟ ከታች።

«አባዬ፣ እኔን እያየህ ንፋ። መጨረሻው ላይ ስህተትህን ታርማለህ፤ አታርመው። እንዳለ ተሳሳተው።»

አባቷ ፊቷን አላየም፤ ጣቶቿን ነበር ያየው። እያንዳንዱ ጣት ቦታ ቦታውን ይዟል። ደጋግሞ አያቸው።

«ይኸን አያያዝ ማን አስተማረሽ?»

«በኋላ እነግርሃለሁ። አሁን ሰዓት የለም።»

ዳይሬክተሯ እጇን አነሳች። ዜማው ተለቀቀ።

አባቷ ዓይኑን ከዣንጥላው ሳይነቅል ነፋ። ዜማው ሲወርድ አብረው ወረዱ፤ ሲያርፍ አብረው አረፉ። ያቺ ቦታ ስትቃረብ ትከሻው ሲጠነክር ታያት፤ ሊያርማት ነው። ፉጨት ጣቷን ጠበቅ አድርጋ አቆየች። እርሱም አቆየ። ከማጉያው ስንጥቋ ድምፅ ወጣች፤ ሁለት ጣቶች፣ አንዱ በናስ ላይ፣ አንዱ በዣንጥላ ላይ፣ እኩል ተነሱ።

«ካት» አለች ዳይሬክተሯ ቀስ ብላ።

ካሜራማኑ ከማሽኑ ቀና አለ። «ገባ። ሼባው ከራሱ ጋር ታረቀ።» ቀድሞ ያጨበጨበው ተዋናዩ ነበር።

አባቷ ከመድረኩ ወርዶ ግንባሯን ሳማት። «ተባረኪ» አላት።

ወደ ቤት በእግራቸው ሲሄዱ ሁሉንም ነገረችው፤ አሮጌውን ሳክስፎን፣ ፎጣውን፣ የከሰዓት በኋላ ልምምዷን። ሳያቋርጣት ሰማት። ነግራው ስትጨርስ ሸክም ያወረደች ያህል ቀለላት፤ ፎጣውን ዛሬውኑ አጥባ፣ የፎጣ ቦታው ላይ ልትሰቅለውም ወሰነች።

«አባዬ» አለች መንገዱን ሲሻገሩ፣ «ዛሬ ማታ፣ አንተ እየሰማኸኝ፣ ያቺን ቦታ ልንፋት?»

አባቷ የሳክስፎኑን ሣጥን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ነጻ የወጣው እጁ በኮቱ ጠርዝ ላይ ጣቶቹን አንድ በአንድ አነሳ፤ አንደኛው ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ወደ ቤት እርምጃውን አፈጠነ።