በስንጥቁ ላይ ያለው ወረቀት

ጭቃ ስንት ዘመን እንደሚቆም፣ ሰውም ስንት ቀን እንደሚሰነብት ጠንቅቆ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፤ እኛ የምናውቀው ያየነውን ያህል ነው። በቻይና፣ በሻንሺ ክፍለ ሀገር፣ በአንድ ተራራማ መንደር ባለ አሮጌ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ሩሻን መሰላል ላይ ቆማ ከታላቁ የቡድሃ ሐውልት ጀርባ ያለውን ስንጥቅ ትመለከት ነበር።

በስንጥቁ ላይ ቀን የተጻፈበት ስስ ወረቀት ተለጥፏል። ሐውልቱ ከእንጨት፣ ከገለባና ከጭቃ የተሠራ ነውና ጥቂት እንኳ ካዘመመ ወረቀቱ ይቀደዳል። የመቅደሱ ጠባቂ የሆኑት አያቷ ፋን ጉልበታቸው መሰላል አላስወጣ ስላላቸው፣ በየቅዳሜው ወረቀቱን የምታየው እርሷ ናት።

ወረቀቱ ደኅና ነበር። በላዩ ያለውም ቀን ከሁለት ወር በፊት የነበረ ነው። በጣቷ ስትነካው ግን ሙጫው ገና አልደረቀም።

ወደ ታች ተመለከተች። ጓደኛዋ ቦዪ የመሰላሉን እግር ይዞ ጫማውን ያያል።

«አንተ ነህ የለጠፍከው?»

«ቀስ በይ፣ አባባ ፋን ይሰማሉ።»

«የድሮውስ?»

«ከሥሩ አለ። ጠዋት ሻይ ሲያፈሉ ወጥቼ ሳየው ተቀዶ ነበር። እኔ አልቀደድኩትም።»

«ታዲያ ለምን ሸፈንከው?»

«እሑድ በዓል መሆኑ ጠፍቶሽ ነው? ተቀደደ ካልሽ ግቢው ይዘጋል። ግቢው ከተዘጋ የበዓሉ የኦፔራ ትርኢት የለም። ክረምቱን ሙሉ እግሬን ሰቅዬ የተለማመድኩት ለአያትሽ ዶሮዎች ላሳይ ነው?»

ሩሻን ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው።

«ሺህ ዓመት የቆመ ነገር፣ ሁለት ቀን ምን ያደርገዋል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰኞ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

የሐውልቱ ፊት ከኋላ አይታይም። የሚታየው ትከሻው፣ ከትከሻውም ባሻገር ከሥሩ የተደረደሩት የመንበርከኪያ ትራሶች ነበሩ። እሑድ የመንደሩ አሮጊቶች ከማለዳ ጀምሮ እዚያ ይንበረከካሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ ላይ ጎጆ ወጣሽ እንዴ?» ሲሉ አያቷ ከደጃፉ ተጣሩ። «ወረቀቱ እንዴት ነው?»

ቦዪ ቀና ብሎ አያት።

ሩሻን አዲሱን ወረቀት በጥፍሯ ከጠርዙ ላጠችውና ጨምድዳ ኪሷ ከተተችው። ከሥሩ ያለው ለሁለት ተከፍሎ የክብሪት እንጨት ያህል ተራርቋል።

«ተቀዷል፣ አባባ።»

ቦዪ መሰላሉን አልለቀቀም። እስክትወርድ ድረስ አጥብቆ ያዘላት፤ ከወረደች በኋላ ግን ጥሏት ወጣ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ እግዚአብሔር የቤታችሁን ምሰሶ ያጽናላችሁ፤ ከማዕዳችሁም ሰው አይጉደል።