የመሪ ቅጂ

ደራሲዋ ስድስተኛውን መጽሐፍም ከኋላ ገለጠችው።

«ልጄ፣ ሌላው ሰው እኮ ከፊት ነው የሚጀምረው» አሏት መጽሐፍ ሻጩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «አንቺ ምነው ከጅራቱ?»

«እንዲሁ ነው፣ ጋሼ።»

እንዲሁስ አልነበረም። መልስ አለው ወይስ የለውም ብላ እያየች ነው። አምስት ወር ሙሉ በመልስ ገጽ የኖረች ልጅ ሌላ ምን ታያለች?

«ደራሲዋ» ቅጽል ስሟ ነው። ያወጡላት በቤተ ክርስቲያን የሴት ልጆች ጥናት ያሉ ጓደኞቿ ናቸው። የጥናቱ ደንብ ቀላል ነው። አሥራ ሁለቱም ልጆች በየቀኑ በየቤታቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ ያነባሉ፤ ከዚያ ማጥኛ መጽሐፋቸው ላይ ያሉትን ሦስት ጥያቄዎች መልሰው ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ። ምዕራፉ ምን ይላል? ምን ተማርሽ? ልብሽ ምን አለ? የሌሎቹ መልስ «እግዚአብሔር መልካም ነው» ከማለት ብዙም አያልፍም። የሷ ግን ጉድ ነው! ተነብቦ አይጠገብም። እንዲያውም አንዷ ልጅ በወረቀት ገልብጣ መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? እሷን ግን አድምቋት ነበር። ድሮ ጥናቱን የምትመራው እናቷ ነበረች። እናቷ ስታርፍ አንድ ብቻ የነበረው የመሪ ቅጂ ቤት ቀረ። የመሪ ቅጂ ከልጆቹ መጽሐፍ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጨረሻው ላይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ፣ ለልቡም ጥያቄ ሳይቀር፣ የናሙና መልስ አለው። መሪዋ የከበዳቸውን ልጆች እንድታግዝበት ነው የተጻፈው።

መጀመሪያ ልትገለብጥ አላሰበችም። ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ ምዕራፏን አነበበች፤ ምንም። ደግማ አነበበች። የሳሙና ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ብታነብም ያው ነበር። አላዘነችም፣ አልተጽናናችም፣ አላለቀሰችም። ልቧ ድንዝዝ ብሎ ቁጭ አለ። መጽሐፉ ግን «ልብሽ ምን አለ?» ይላታል። ምን ትበል? የዚያች መሪ ልጅ «ምንም» ብላ ትጻፍ? እንዴት ተደርጎ! ወደ ኋላ ገለጠች፣ ገለበጠች፣ ላከች። አሥራ አንድ ቀይ ልብ ተለጠፈላት። በማግስቱም እንደዚያው አደረገች።

አሁን መጽሐፉ አልቋል፤ ዛሬ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ጥናቱን ከእናቷ የተረከበችው ሴት በሙያዋ ነርስ ስለሆነች ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። ባለፈው እሑድ «ቀጣዩን መጽሐፍ ደራሲዋ ትምረጥልን፤ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም» ብላ ሥራውን አሸከመቻት። ብቻዋን እንዳትሆን ብላም ሚጢጢን አስከተለቻት።

ሚጢጢ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ጥናቱን የጀመረችው አባቷ በሞቱ በወሩ ነው። አሁን ከመደርደሪያው ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሽፋን ሽፋኑን ታያለች።

«ይሄ አበባ ያለበትስ?»

«አበባውን ነው የምናጠናው?» አለች ደራሲዋ።

«አቦ አንቺ ደግሞ!»

ሻጩ ሦስት መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «ይሄኛው አጭር አጭር ነው፤ አውቶቡስ ላይ ሆነሽ ትጨርሽዋለሽ። ይሄ ደግሞ ዘመኑን፣ ካርታውን፣ ማን ለማን እንደጻፈው ያሳይሽና ቀሪውን አንቺው አስቢበት ይልሻል። ትንሽ ራስ ያዞራል። ይሄኛው ወፍራሙ የመሪ ቅጂም አለው፤ መልሱ በሙሉ ከኋላ ነው።»

የደራሲዋ እጅ ወፍራሙ ላይ አረፈ። ለሌላ አምስት ወር ይበቃታል። ማንም አያውቅባትም።

«ለመሆኑ ስንት ናችሁ?» አሉ ሻጩ።

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ አንድ በይ» አለች ሚጢጢ ከመሬት።

ሻጩ አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ፤ ነገሩ የልጆች ነው ብለው ነው መሰለኝ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ደራሲዋ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ምን ሆንሽ?»

ሚጢጢ የጫማዋን ክር ፈታች፣ መልሳ አሰረች። «ልተወው ነው መሰለኝ። ጥናቱን። ለሲስተር እንዳትነግሪያት፣ በናትሽ።»

«ለምን?»

«ያንቺን መልስ በየቀኑ አነባለሁ። እናትሽ አርፈው እንኳ ልቤ ተነካ፣ ተጽናናሁ ትያለሽ። እኔ ያንኑ ምዕራፍ ሦስቴ አነበዋለሁ፤ ምንም አይሰማኝም። አባቴ ሞቶም አላለቀስኩም እኮ። የሆነ ነገሬ ተበላሽቷል። እግዚአብሔርም ትቶኝ ይሆናል።»

ይህን ስትል ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። የነገ ክፍለ ጊዜዋን የምትናገር ነበር የምትመስለው። ደራሲዋ ያን ድምፅ አወቀችው፤ የራሷ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ምንም ሳይሰማት ቆይታ መጀመሪያ የተሰማት ነገር ሀፍረት ሆነ። ፊቷ ጋለ።

ስልኳ ነዘረ። ሲስተር ግሩፑ ላይ ጽፋለች፦ «ደራሲያችን ዛሬ ጠፋሽብን! የመዝጊያውን መልስ ካንቺ ነው የምንጠብቀው።»

የመዝጊያው መልስ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። የመሪ ቅጂው መጨረሻ ላይ ስምንት የሚያምሩ መስመሮች አሉ፤ ጠዋት አይታቸዋለች። ለሚጢጢ እዚሁ ሹክ ብሎ፣ ለግሩፑ ስምንቱን መስመር ልኮ መገላገልም ይቻላል። አሰበችው። ልጆቹ ምን ይሏታል? ያቺ ግድግዳዋ ላይ የለጠፈችውስ? «የዚያች ሴት ልጅ እኮ ናት» ሲባል ታያት። ግን ሚጢጢ አሁንም ያንኑ የጫማ ክር እየፈታች ነው።

ቦርሳዋን አልከፈተችም። ስልኩን ይዛ ጻፈች፦

«ልብሽ ምን አለ? ምንም። እማዬ ካረፈች ጀምሮ ምንም ብሎ አያውቅም። እስከ ዛሬ የላክሁት በሙሉ ከእማዬ የመሪ ቅጂ የተገለበጠ ነው። ይቅርታ።»

ላከችው። ከሚጢጢ ኪስ ጢን የሚል ድምፅ ተሰማ። ሚጢጢ ስልኳን አወጣች፣ አነበበች፣ ወደ ላይ ቀና ብላ ደግሞ አየቻት።

«ይሄ… ያንቺ ነው?»

«አዎ። ይሄኛው የኔ ነው።»

ሻጩ ገመድና መጠቅለያ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ደራሲዋ ወፍራሙን መጽሐፍ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ካርታ ያለበትን አነሣች። ልማድ ሆኖባት ከኋላ ገለጠችው። የመጨረሻው ገጽ የመጻፊያ መስመር ብቻ ነው፣ ባዶ።

«ይሄን፣ ጋሼ።»

«ስንት ላድርገው?»

ደራሲዋ ሚጢጢን አየቻት። ኪሷ ውስጥ ስልኩ ነዘረ፤ ደግሞ ነዘረ። አላወጣችውም። ሚጢጢ ተነሥታ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች።

«እኔ ምንም ካልተሰማኝስ?»

«ምንም ብለሽ ትጽፊያለሽ።»

ሚጢጢ ወደ ሻጩ ዞረች።

«አሥራ ሁለት ያድርጉት» አለች።