ዳኛ ያላየው በር

በዚያ ሰፈር ቁልፍ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ራሱን ይረግማል፤ ቀጥሎ ሁለት ጎረቤት ፍለጋ ይሮጣል። ቁልፍ ሠሪው ያለ መታወቂያና ያለ ሁለት ምስክር የማንንም በር አይከፍትማ! በዚህ ጠባዩ «አባ ምስክር» የሚል ስም ወጥቶለታል። አንድ ጊዜ የገዛ ሚስቱን ወንድም፣ ጎረቤቶቹ ከሥራ እስኪመለሱ ድረስ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ደረጃ ላይ አስቀምጦታል። አማቹ ዛሬ ይህን ሲያነሳ ይስቃል፤ ያን ዕለት ግን አልሳቀም።

«የሰው ቤት የሰው ገመና ነው» ይላል አባ ምስክር፣ ቁልፍ እየሞረደ። «የእኔ እጅ በር ይከፍታል እንጂ ገመና አይከፍትም።»

ይህን ሁሉ ጥንቃቄውን የሚያስረሳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የደንብ ልብስ። ፖሊስ ሲመጣ መታወቂያ አይጠይቅም፣ ምስክርም አይልም። የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ይከተላል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ወጣት መርማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«አባባ፣ እዚህ ማዶ ሦስተኛ ፎቅ አንድ በር ይከፈትልን።»

በሩ የአንዲት ልብስ ሰፊ ነው። ባሏ የሞተባት፣ የሃያ ዓመት ጎረቤቱ፣ የሴት ልጁን የሠርግ ቀሚስ የሰፋች ሴት ናት። ያን ዕለት የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳለች። አባ ምስክር ይህን እያወቀ «እስክትመለስ እንጠብቃት» እንኳ አላለም። በሦስት ደቂቃ ከፈተው።

ጥፋቷስ ምን ነበር? የሰፈሩ ሰው የውሃ መቋረጥ መሮት በሰላም ሰልፍ ሲወጣ፣ «ውሃ ይለቀቅልን» የሚለውን ትልቅ ጨርቅ የሰፋችው እሷ ናት ተብሎ ነው። ሰዎቹ መሳቢያ ገለበጡ፣ ልብሷን ከቁም ሳጥን እያወጡ ወለል ላይ ጣሉ። ከአልጋዋ ሥር ባሏ በሕይወት ሳለ የጻፈላትን ደብዳቤዎች አገኙ። አንደኛው አንዱን ደብዳቤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና ሳቀ። አባ ምስክር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሰማ። አፈረ፤ ነገር ግን ትንፍሽ አላለም። ሰዎቹ ደብዳቤዎቹን ይዘው ሄዱ፤ ሌላ ያገኙት ነገር አልነበረም።

ራት ላይ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበረች።

«ወረቀቱን አየኸው?» አለችው።

«የምን ወረቀት?»

«የብርበራ ትእዛዝ ነዋ! ጣቶቼ የጎበጡት እሱን ስጽፍ አይደል? የቤቱ ቁጥር ይጻፍበታል፣ የሚፈለገው ነገር ይጻፍበታል፣ ዳኛ አይቶ ይፈርምበታል።»

«አንቺ ደግሞ! መንግሥት እኮ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፤ ጨዋ ሰው ዝም ያለ ጊዜ የሚያመካኝበት ተረት ነው። ወንድሜን ደረጃ ላይ ያስቀመጥክ ሰውዬ፣ ለማታውቀው ጎረምሳ የሴትዮዋን ጓዳ በረገድክለት። እስቲ ንገረኝ፤ ሌባ ሲገባ ፖሊስ እንጠራለን። ፖሊሱ ያለ ሕግ ሲገባስ ማንን እንጥራ?»

አባ ምስክር ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ ወደ ሱቁ መጣች። ፊቷ ገርጥቷል።

«ጋሼ፣ ቁልፍ ፈልጌ ነበር።»

«ምን ዓይነት ልስጥሽ፣ እህቴ?»

«እርስዎ የማይከፍቱት።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«ጨርቁን ሰፍቻለሁ፤ አልክድም» አለች። «ቢጠይቁኝ ራሴ እነግራቸው ነበር። የሟች ደብዳቤ ግን ምን አደረጋቸው? አሁን የስፌት መኪናዬን በሩ ላይ ካላስደገፍኩ ጎኔ አያርፍም።»

አባ ምስክር እንባው መጣ። «አልዋሽሽም፣ እህቴ። እኔ የማልከፍተው ቁልፍ እዚህ ሱቅ ውስጥ የለም። መታረም ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ወር ሳይሞላ ያው መርማሪ ተመልሶ መጣ።

«አባባ፣ ዛሬ ሦስት በር አለን። ቶሎ በሉ።»

አባ ምስክር የያዘውን ሞረድ አስቀመጠ። «የዳኛ ወረቀት ይዘሃል፣ ልጄ?»

«ረሱኝ እንዴ? ባለፈው የመጣሁት እኮ ነኝ!»

«አልረሳሁህም። ባለፈው ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን አምጣ፤ ሳጥኔን ይዤ ከፊትህ እቀድማለሁ።»

«ይጠየቁበታል!»

«ልጠየቅ። ያኔም የምመልሰው ይህንኑ ነው።»

ቀኑን ሙሉ ኮቴ በሰማ ቁጥር ቀና ብሎ ደጁን ያይ ነበር። ሚስቱ ሹራቧን ይዛ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

በማግስቱ መርማሪው ወረቀት ይዞ መጣ። የአንድ ቤት ቁጥር ብቻ ነበር የተጻፈበት።

«ሁለቱስ?»

«ዳኛዋ ምክንያታችሁ አይበቃም አሉ» አለ ልጁ፣ ጫማውን እያየ።

አባ ምስክር ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ሁለት ጎረቤት ጠራ፣ በሩን ከፈተ። በዚያ ቤት የተሰረቁ ዕቃዎች ተገኙ። በሁለቱ ቤቶች ደግሞ ሰዎች ከምን እንደዳኑ ሳያውቁ በሰላም ራታቸውን በሉ።

ወገኖቼ፣ ፖሊስ ጠላታችን አይደለም፤ ሌባውን የያዘው እሱ ነው። ነገር ግን ሕግ ጉልበተኛንም የሚያግድ አጥር ነው፤ ያ አጥር በዳኛ ፊርማ ብቻ አይቆምም። ፊርማው የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ተራ ሰው ያስፈልገዋል። ትሕትናና ፍርሃት አንድ አይደሉም።

አባ ምስክር በዚህ አላበቃም። ልብስ ሰፊዋ አቤቱታ ስታቀርብ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ «ያለ ትእዛዝ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» ብሎ መሰከረ። ድምፁ እየተቆራረጠም ቢሆን ጨረሰው። ደብዳቤዎቹ እንዲመለሱ ተወሰነ።

ደብዳቤዎቹን በተረከበች ዕለት በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣች። ከመካከላቸው አንዱን መዝዛ አወጣች።

«ይህ ያኔ የሳቁበት ነው» አለችው። «ሳልፈቅድ ሰምተውታል። አሁን ፈቅጄ ላንብብልዎ።»

አባ ምስክር ተነሣና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ የሱቁን በር ዘጋው።

«አንብቢ፣ እህቴ» አላት።