የሦስት ቤት እሳት

«አመዱን ያበዛሁበት እኔ ነኝ» አለች ደብሪቱ። «እሳቱን አፍኜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እናቴን የገደልኳት እኔው ነኝ።»

የሠልስቱ ዕለት ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሴቶች ከዚህም ከዚያም «ተይ ልጄ፣ እንዲህ አይባልም» አሏት። አንዷ ነጠላዋን አስተካከለችላት፣ ሌላዋ ውኃ አቀበለቻት። ከጎኗ የተቀመጠችው ማንጠግቦሽ ግን ምንም አላለችም። የጓደኛዋን እጅ እንደያዘች አንገቷን ደፍታ መሬት መሬቱን ታያለች። ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አንዲት ቃል አለመናገር እንዲህ ያስጨንቃል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

እሳቱን ያጠፋችው ደብሪቱ አልነበረችማ።

ነገሩ የመጣው በማገዶ ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ወዲህ በከተማው ዙሪያ የነበረው ባሕር ዛፍ ለምሽግና ለወታደር ማብሰያ እየተቆረጠ አለቀ። ክብሪት ደግሞ ከአርበኞች እጅ እንዳይገባ ተብሎ ከገበያ ጠፋ። የላምባ ነገርማ ባይነሣ ይሻላል። የ1930 ክረምት ሲገባ እሳት የማያሳስበው ቤት አልነበረም።

ሰው ሁሉ እንደ አቅሙ መላ ይፈልግ ነበር። ድጓ የሚያስተምሩት ሽማግሌ የኔታ ፍቅረ ሥላሴ በጓሯቸው የተረፈ ግንድ ስለነበራቸው፣ አንዱን ጉማጅ ለሳምንት ያደርሱታል። የማንጠግቦሽ እናት ያለምወርቅ ባሏ ጫካ ከገባ ወዲህ የቀረቻት አንዲት ላም ብቻ ናት። ከእሷ የተገኘውን ኩበት በበጋ አድርቃ ከምራለች። የደብሪቱ እናት ሥራነሽ ግን ግንድም ላምም የላትም። ያላት ጉልበቷ ነው። ሜዳ ለሜዳ እየዞረች ጭራሮና የባቄላ አገዳ ትለቅማለች፤ እርጥብ ሲሆንባትም ከምድጃው በላይ ሰቅላ በእሳቱ ወላፈን ታደርቀዋለች።

ሦስቱን ቤት በአንድ እሳት ያገናኘችው ሥራነሽ ነበረች።

«ሦስት ቦታ ከምናጨስ አንድ ቦታ ብናነድ ምን አለ?» አለች አንድ ቀን። «ከየኔታ ግንድ፣ ከያለምወርቅ ኩበት፣ ከኔ ጭራሮ። ወሬውም አብሮ ይሞቅልናል።»

ከዚያ ወዲህ እሳቱ በየሳምንቱ ቤት ይቀያይር ጀመር። የሦስቱም ቤት እንጀራ በአንድ ቀን፣ በተራ ይጋገራል። ምጣዱ ሲነሣ በፍሙ ላይ ወጥ ይጣዳል፤ ወጡ ሲወጣ ደግሞ ሲነከር የዋለው ባቄላ ተከድኖ እትኩሱ አመድ ላይ ያድራል። ማታ ላይ ፍሙ ከሁለት ኩበት ጋር አመድ ውስጥ ይዳፈናል። ሌላ መለኮሻ ስለሌለ፣ እሱ ከጠፋ የሦስት ቤት ጉልቻ ቀዘቀዘ ማለት ነው።

መዳፈኑ የሁለቱ ልጆች ሥራ ነበር፤ ማንጠግቦሽ ኩበቱን ትከታለች፣ ደብሪቱ አመዱን ታለብሳለች። ማንጠግቦሽ በቁጠባ ስም አወጣች። ኩበት ቆራርሳ ታነዳለች፤ ድስት ሳይከደን ካየች ትቆጣለች፤ ሥራ ከሌለው እሳት ላይ ጭራሮ ትመዛለች።

«እቺን ያገባ ሰው ማገዶ አይቸግረውም!» ትላለች ሥራነሽ እየሳቀች። «እንጀራውንም ቆርሳ እንዳታሳድርበት ነው እንጂ የምፈራው።»

ማንጠግቦሽ ታፍራለች፤ ደስም ይላታል። እየቆየ ሲሄድ ግን ለመመስገን ብቻ የምትቆጥብበት ቀን በዛ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከኩበቱ ይልቅ ስሟን ወዳው ነበር።

ሐምሌ ላይ ተራው የነማንጠግቦሽ ቤት ሆነ። ዝናቡ አላባራም፤ ደረቅ የሚባል ነገር ጠፋ። ያለምወርቅ ብርድ ብርድ ብሏት ተኝታለች። የኩበቱ ክምር ደግሞ በየቀኑ ዝቅ ይላል።

«ሁለቱንም ከተትሽ?» አለቻት ደብሪቱ፣ አመዱን ልታለብስ አጎንብሳ።

«ከትቻለሁ። አልብሽው።»

የከተተችው አንድ ነበር። ሌላውን ከጎታው ኋላ ሸጎጠችው። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲሁ አድርጋ እሳቱ በደህና አድሯል። ሳምንቱ ሲያልቅ የተረፈውን አውጥታ ሁሉንም ልታስገርማቸው አስባ ነበር።

ጠዋት ሲገለጥ ከአመድ በቀር ምንም አልነበረም። ደብሪቱ እጇን እስከ አንጓዋ አስገብታ ፈለገች። ውስጡም ቀዝቃዛ ነው።

«አመዱን አብዝቼበት ይሆን እንዴ?» አለች ቀና ብላ።

ማንጠግቦሽ «እኔ እንጃ» አለች።

ሥራነሽ ከኋላቸው ቆማለች። አልተቆጣችም። የተኛችውን ያለምወርቅን ግንባሯን ዳሰሰቻትና «እቺ ሴትዮ አጥሚት ሳትቀምስማ አትውልም» አለች። «ከመንገዱ ማዶ ዘሪቱ ቤት እሳት አይጠፋም። ጭሬ እመጣለሁ።»

«ጡሩምባው አልተነፋም እኮ፣ እትዬ» አለች ማንጠግቦሽ። ጠዋት የወታደሮቹ ጡሩምባ ሳይነፋ መንገዱን መሻገር ክልክል ነበር።

«በዚህ ጉም ማን ያየኛል ብለሽ ነው?» ብላ ለፍሙ መያዣ የሚሆን ገል አንሥታ ወጣች።

ስትሄድ ማንም አላያትም። ስትመለስ ግን ጉሙ ገለጥ ብሎ ነበር። ከመንገዱ ዳር ለጣሊያን በቅሎዎች የሚሆን ድርቆሽ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተከምሯል። ዘበኛው ያየው በድርቆሹ አጠገብ በእጇ እሳት ይዛ የምትሮጥ ሴት ነው። ክምሩን ልታቃጥል የመጣች መሰለው። የጥይቱን ድምፅ ልጆቹ እጉልቻው አጠገብ ተቀምጠው ሰሙት። አስከሬኗን የኔታ ፍቅረ ሥላሴ ሄደው፣ ለምነውና ተንበርክከው አመጡት።

በሠልስቱ ዕለት ለቅሶው ሲበተን ማንጠግቦሽ ወደ ቤቷ ገባች። እናቷ ትኩሳቱ ለቋት ከጎታው አጠገብ ተቀምጣለች። ሦስት ኩበቶች ፊቷ ተደርድረዋል።

«እነዚህን እዚያ ማን ሸጎጣቸው?»

ማንጠግቦሽ መዋሸት ፈለገች፤ ግን አልቻለችም። «እማዬ፣ እንዲተርፈን ብዬ ነው…» አለችና ለቅሶዋ ቀደማት። እናቷ እቅፏ ውስጥ አስገባቻት። ሁለቱም ብዙ አለቀሱ። የሞተችው የጎረቤት ሴት ብቻ አልነበረችም፤ ለያለምወርቅ እንደ እህቷ ነበረች።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለች ያለምወርቅ። «ሥራነሽ የሞተችው ለኔ አጥሚት ብላ ነው። ደግሞ እሳቱን ያጠፋነው እኛ ነን ከተባለ ሰው በምን ዐይኑ ያየናል? አባትሽ እንደሆነ የለ። ማን አለን?»

«ደብሪቱስ?»

«ደብሪቱ ልጅ ናት። ትረሳዋለች።»

ይህን ስትል ልጇን አላየቻትም።

በማግስቱ ጠዋት የደብሪቱ አጎት አበረ ልጅቱን ወደሚኖርበት ወደ ይጁቤ ሊወስዳት በቅሎ ጭኖ መጣ። ደብሪቱ ልትሰናበት ገብታ ያለምወርቅን ጉልበት ሳመች። ማንጠግቦሽን ግን አንገቷን አቅፋ ቆየች።

«እዚያ ስደርስ እሳት አልነካም» አለቻት በጆሮዋ። «ውኃ ልቅዳ፣ ልፍጭ፣ የፈለጉትን ይዘዙኝ። እሳት ግን አልነካም። ሰው ሁሉ ‹አይዞሽ› ይለኛል እንጂ በሆዱ እንደሚፈርድብኝ አውቃለሁ። ያልፈረድሽብኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ከዚያ ወጥታ ሄደች።

ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆማ በቅሎዋ ጭቃውን እየረገጠች ቁልቁል ስትወርድ አየች። ደብሪቱ ነገ አድጋ ትዳር ስትይዝ፣ ልጅ ስትወልድ፣ በሰው ቤት ጉልቻ ፊት እጇን ሰብስባ ስትቀመጥ ታያት። ማንጠግቦሽ ያን ጊዜም ደግ ጓደኛዋ ሆና ትታወሳለች። ይህ ከሁሉ ባሰባት።

«ወዴት ነው?» አለች እናቷ ከውስጥ።

ቁልቁል ሮጠች። ጭቃው ሁለት ጊዜ ጣላት። የደረሰችባቸው ወንዙ ዳር፣ በቅሎዋ ውኃ ስትጠጣ ነው።

«ደብሪቱ፣ ነይማ።»

ደብሪቱ ወረደችና ወደ እሷ ራመድ አለች። አበረ ልጓሙን ይዞ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ልጆች መለየት ቢከብዳቸው ነው ብሎ ይሆናል።

«አመዱ አልበዛም ነበር» አለች ማንጠግቦሽ። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ልክ ነበር። ሁሌም እንደምታደርጊው ነበር። ኩበቱን… ሁለት ከትቻለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አንድ ነው የከተትኩት።»

ደብሪቱ ወዲያው የገባት አልመሰለም።

«ለምን?»

«እንዲተርፍ።»

«ለአንድ ኩበት?»

«አዎ።»

«ሠልስቱ ላይ፣ በሰው ፊት እኔ ነኝ ስል… እጄን ይዘሽኝ አልነበር?»

«ፈራሁ።»

ደብሪቱ እጇን አነሣች። ማንጠግቦሽ ልትመታኝ ነው ብላ ዐይኗን ጨፈነች፤ ምቱ ግን አልመጣም። ዐይኗን ስትገልጥ ደብሪቱ በዚያች እጇ አፏን አፍና ወደ በቅሎዋ ስትመለስ አየቻት።

«ምን ሆንሽ? ምን አለችሽ?» አለ አበረ ደንግጦ።

«ምንም» አለች ደብሪቱ። «ምንም አላለችኝም። እንሂድ።»

ማንጠግቦሽ ሰማች። ጓደኛዋ አሁንም፣ ይህን ሁሉ አውቃም፣ ልትሸፍንላት ነው። ዝም ብትል በዚያው ያበቃል። በቅሎዋ ወንዙን ትሻገራለች፣ እሷም ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ እናቷም እፎይ ትላለች። ይጁቤ ላይ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው የፊተኛውን ወሬ ይሆናል።

የተጎሳቆለ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ውኃው ዳር ድረስ ወረደች።

«አያ አበረ» አለች። ድምጿ እንዳይጠፋባት ጮክ አድርጋ ነው። ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ከማዶ ዞር ብለው አዩ። «ትንሽ ይቁሙልኝ። እሳቱን ያጠፋችው እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። እርስዎም ይወቁት፣ እዚያም ሲደርሱ ይንገሩልኝ።»