ክቧ ምልክት

ሸይኽ ያዕላ በአሸዋ ሰሌዳቸው ላይ ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታቸው የነሐስ ሙቀጫ አጠገባቸው ወድቋል። ስሌት የሚጻፍበት አሸዋ ግን በመዳፍ ተጠርጎ አንድም አኃዝ አልቀረበትም። ከበረሃ የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ የፌዝን ከተማ አፍኗታል። የውርስ ድርሻ ሲያካፍል የሸበተውን የቃዲውን ወኪል ሲዲ ሐዱን ከሬሳው ይልቅ ያ የተጠረገ አሸዋ አስፈራው።

ከሸይኹ የሚማረው ደረሳ ዘይሪ እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ፀሐይ ስትጠልቅ ለገዢው ይሰጣል፤ ከገዢው እስር ቤት ደግሞ በእግሩ የወጣ የለም።

«ትናንት ከሸይኹ ጋር በምን ተጣላችሁ?» አለው ሐዱ።

«በቱዳ ነው፣ ሲዲ። ልጅዎን ይስጡኝ ብላቸው ‹መጀመሪያ ቁጥሬን ላግኝ› አሉኝ።»

የሟቹ ልጅ ቱዳ ዓይኗ በርበሬ መስሏል። «አሸዋውን ዛሬ ጠዋት ነፍቼ የሞላሁት እኔ ነኝ። ገና ምንም ሳይጻፍበት ጠሩኝና ቁጥሩን በጆሮዬ ነገሩኝ፤ አምስተኛው ፍጹም ቁጥር። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው ራሱን ይሰጣሉ፤ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ስድስትን እንደሚሰጡት። ከዚያ በሩን ዘጉ።»

የደማስቆው እንግዳ ቡርሃን ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱን ቁጥር እኔ አገሬ ሳለሁ አስልቼዋለሁ። ነገ ለሱልጣኑ አቀርበዋለሁ።»

ሐዱ ሁሉንም በሰሌዳው ዙሪያ ሰበሰበ። «እስቲ ያሰሙን፣ ጌታው።»

«ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ስድስት።»

«አይደለም!» አለች ቱዳ። «ከሁለቱ አምስቶች ቀጥሎ ባዶ ነው!»

«ተሳስታ ነው፤ ሴት ልጅ በስሌት ምን ያገባታል?» አለ ቡርሃን።

«እንየዋ» አለ ሐዱ። «ሃያ ስምንትን፣ አራት መቶ ዘጠና ስድስትን፣ ስምንት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ስምንትን ውሰዱ። አኃዞቻቸውን ደጋግማችሁ ብትደምሩ መጨረሻቸው አንድ ነው። የቱዳም አንድ ሆነ። የእርስዎ ስድስት ላይ ቆመ። አሁን አምስትን በአገርዎ አጻጻፍ ይጻፉልን።»

ቡርሃን አሸዋው ላይ ክብ ሣለ። ዘይሪ ሰንሰለቱን እያንኳኳ ብድግ አለ። «እሷ እኮ እኛ ጋ ባዶ ናት!»

«አዎ» አለ ሐዱ፤ አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ። «አስልተኸው ቢሆን አትስትም። ነግረውህ ቢሆን ‹ባዶ› ባሉህ። አንተ ያነበብከው በዓይንህ ነው። የእኛን አምስት ለምደሃል፤ በጥድፊያ ግን ክቧን በአገርህ ልማድ አነበብካት። የተጻፈችውም ዛሬ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ እዚህ አሸዋ ላይ ብቻ ነው። የፌዝ ልጅ ክብን አምስት አይልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ሰንሰለቱን ከዘይሪ እግር ፈትተው ለቡርሃን አሰሩት። እሱ ግን ዓይኑን ከክቧ አልነቀለም።

«በባዶ ከሆነ... እውነት ፍጹም ነው?»

«ነው» አለች ቱዳ እያነባች። «ማታ እራት ላይ ሊያሳዩህ ነበር። ‹እንግዳችንን ጥሪልኝ፤ ደስታዬ የሚገባው እሱ ነው› ብለውኝ ነበር።»