ሦስተኛው ሳጥን

«ቆፍሪ እንጂ! እስኪመሽ እዚህ ልንቀመጥ ነው?»

«በማንኪያ ነው የምቆፍረው። አርፈሽ ጠብቂ» አለች ሚሊሜትር፣ የአክስቷን ልጅ ቀና ብላ ሳታይ።

ሚሊሜትር ክፍል ውስጥ የወጣላት ስም ነው። የማንም ማስመሪያ ቢዛነፍ ቀድማ የምታየው እሷ ናት፤ አይታም ዝም አትልም።

ከወርክሾፑ ጀርባ ያለው መሬት በትንንሽ እንጨቶች ምልክት ተደርጎበታል። ከስምንት ሳምንት በፊት እያንዳንዱ ቡድን በርጩማ ከሚሠራበት ዕቃ ሁሉ ቁራጭ ቁራጭ እየወሰደ እዚያ ቀብሯል። ያዘዘው የቴክኒክ መምህሩ ነው። «ጫካ ውስጥ የቆሻሻ መኪና አይዞርም» ብሏቸው ነበር። «የወደቀው ቅጠል በስብሶ የሚቀጥለውን ቅጠል ይመግባል። እናንተም በርጩማችሁ ሲያረጅ የት እንደሚገባ ከአሁኑ ንገሩኝ።»

ስለዚህ ውድድሩ በመሥራት ሳይሆን በመፍታት ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ወላጆች ባሉበት፣ ሁሉም በርጩማውን ይፈታል። የሚበሰብሰው «ለአፈር» የሚለው ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ብሎንና ብረቱ «ለወርክሾፕ» በሚለው። ሦስተኛው ሳጥን ላይ «ለማንም የማይሆን» ተብሎ ተጽፏል። እዚያ አንድ ነገር የጣለ ቡድን ካርድ ሞልቶ ከውድድሩ ውጪ ይሆናል። ያሸነፈው በርጩማ ደግሞ ለቤተ መጻሕፍቱ በሠላሳ ተባዝቶ ይሠራል።

ማንኪያው የቀበሩትን አገኘ። እንጨቷን በጥፍሯ ስትጫናት በስብሳ ሰረጎደች። ከጨርቁ የቀሩት ጥቂት ክሮች ናቸው። ከመቀመጫው ገመድም የላይኛው ጥጥ ተበልቶ አልቋል። ከውስጡ ግን ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ክር እንደ አዲስ ቁጭ ብሏል።

ክብሪት ጫረች። ጥጥ ቢሆን ነድዶ አመድ ይሆን ነበር። ይሄ ተኮማተረ፤ ከዚያ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ቀረ።

«ፕላስቲክ ነው።»

«እና?» አለች የአክስቷ ልጅ። «ላዩ ጥጥ አይደል? ‹ለአፈር› ውስጥ እንወረውረዋለን፣ አለቀ። ማን ያውቃል?»

«ሲቀበር ይታወቃል።»

«ከስምንት ሳምንት በኋላ ነዋ! ያን ጊዜ ሠላሳውም ተሠርቶ ሰው ተቀምጦበታል። አቦ፣ አታካብጂ!»

ገመዱን የገዛችው ሚሊሜትር ራሷ ናት። ሻጩ «ንጹህ ጥጥ ነው፣ እህቴ» ብሏታል። አሥራ ሁለት ሜትር ከአርባ መሆኑን ሦስት ጊዜ ለክታ አረጋግጣለች። አንድ ጊዜ እንኳ ጫፉን አላቃጠለችውም።

«ምን ይሸታል? ፌስታል ታቃጥላላችሁ እንዴ?»

ሙጫው የሚሉት ልጅ ነው፤ መጥረጊያ ይዟል። ከሦስት ሳምንት በፊት የቡድናቸው ሦስተኛ አባል ነበር። አንዱ እግር ሲወላወል ለማንም ሳይነግር መጋጠሚያው ላይ ሙጫ አደረገ። ሙጫ የነካው እንጨት ደግሞ አፈርም አይበላው፣ ወርክሾፕም አይፈታው። ሚሊሜትር የሦስተኛውን ሳጥን ካርድ አውጥታ በቀይ ሞላችው፤ ዕቃው፣ መጠኑ፣ የመረጠው ሰው። ከዚያ ክፍሉ ፊት ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው። እግሩ በሌላ ተተካ፤ ልጁ ከቡድኑ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሙ የሚጠራው የለም።

«አያገባህም። ጥረግ!» አለችው የአክስቷ ልጅ።

እሱ ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን ጠብታ አየ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሳቁን ተወው።

«በርጩማው ላይ ያለው ስንት ሜትር ነው?»

ሚሊሜትር ማንኪያውን አፈሩ ውስጥ ሰካች።

«የእኔ ሁለት ጠብታ ነበር» አለ።

«አንተ ደብቀህ ነው ያደረግከው! እኔ አላወቅኩም ነበር።»

«አሁንስ?»

«ሄደህ ንገረዋ። ይኸው መምህሩ ውስጥ ነው።»

«አልናገርም። እንደ አንቺ አይደለሁም» አለና መጥረጊያውን እየጎተተ ሄደ።

ቢያስፈራራት ይሻላት ነበር።

አዳራሹ በወላጆች ሞልቷል። ተራቸው ሲደርስ ሚሊሜትር ስድስቱን ብሎኖች ፈትታ «ለወርክሾፕ» ውስጥ አስቀመጠች። አራቱ እግሮች «ለአፈር» ገቡ። የቀረው መቀመጫው ነው። ገመዱን ከፍሬሙ ላይ ቀስ እያለች ፈታችው፤ ክንዷ ላይ ጠመጠመችው። የአክስቷ ልጅ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት።

«እንዳታደርጊው። በእናትሽ።»

ሌሎቹ ቡድኖች ባዶውን ትተውት ያለፉት ሦስተኛው ሳጥን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው። ሚሊሜትር ወደዚያ ሄዳ ክንዷን ዘቀዘቀች። ገመዱ ሲወድቅ ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

«ሁለተኛ እንዳታናግሪኝ!» የአክስቷ ልጅ ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ወጣች። ከወላጆቹ መሃል አንድ ሰው «ምን ሆኑ?» ሲል ተሰማ። መምህሩ ካርዱን ገፋ አደረገላት።

ኪሷን ዳበሰች። እስክሪብቶዋን ጉድጓዱ አጠገብ ረስታዋለች። ቀና ስትል ሙጫው በሩ ላይ መጥረጊያውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሸሚዙ ኪስ ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል።

«እስክሪብቶ ታውሰኛለህ?»

«ይኸው፣ አለ» አለ። ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

አዳራሹን አቋርጣ እሱ ዘንድ ሄደች። ሲሰጣት አንድ አፍታ ይዞ አቆየው።

«መጠኑን እንዳትረሺ።»

«አልረሳም።»

ገመድ። አሥራ ሁለት ሜትር ከአርባ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። ከዚያ ካርዱን ይዛ ወደ አዳራሹ ዞረች፤ ኋላ የተቀመጡት ሁሉ እንዲሰሟት ጉሮሮዋን ጠረገች።