የውሃ አባቱ ውሻ

በልጉ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ቶሎም ወጣ። በሀብሩ ቆላ ማሽላው እሸት ሳይዝ ደረቀ። ሰው መጀመሪያ ፍየሉን፣ ቀጥሎ ላሙን፣ በመጨረሻ የእርሻ በሬውን ወደ ወልድያ ገበያ ነዳ። ከመርሳ ከተማ ዳር ያሉትን ማሳዎች የሚያጠጣው ቦይ ቀጠነ። በየስምንት ቀኑ ይደርስ የነበረው የውሃ ተራ በየሃያ አንድ ቀን ሆነ። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያይ አንገቱን ማቀርቀር ጀመረ።

በኅዳር ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ያንን ቦይ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያካፍል የኖረው ሽማግሌ ወልዴ፣ ዘይነባ በምትባል ባልቴት ቦይ ውስጥ በአፉ ተደፍቶ ተገኘ። ውሃ የሚያካፍለውን ሰው በዚያ አገር የውሃ አባት ይሉታል። ልብሱ እርጥብ ነበር። የሐኪም ወረቀት ውሃ ውስጥ ሰጥሞ መሞቱን አረጋገጠ።

ሰው ለመፍረድ አልዘገየም። የዘይነባ ልጅ ሙስዐብ ባጃጅ ነጂ ነው። ሰኞ ዕለት በሻይ ቤት በሰው ፊት ከወልዴ ጋር ስለ ውሃ ተጨቃጭቋል። ውሃ ሲሰርቅ ወልዴ ስለያዘው ገደለው ተባለ። የሰፈሩ ሰው እጁን ይዞ ለፖሊስ አስረከበው። ዘይነባ ሌላ ልጅ የላትም።

ዓርብ ጠዋት ከወልድያ ኢንስፔክተር ዓቢዳ በሚኒባስ መጣች። አርባ አምስት ዓመት ያለፋት፣ ሻሿን አጥብቃ የምታስር፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ሬሳው ወደተገኘበት ቦይ ወርዳ ቁጢጥ አለች። የቦዩ መሬት ተሰነጣጥቋል። እጇን በስንጥቁ ውስጥ ሰደደች፤ እስከ አንጓዋ ገባ። ጉንዳን በእጇ ላይ ወጣ። ሬሳው ያረፈበት ቦታ ብቻ፣ አንድ ሰው በሚያህል ልክ፣ አፈሩ ጠቁሯል። አራግፋ ተነሣች፤ አብሯት የመጣው ኮንስታብል ተከተላት።

ከዚያ ወደ ወልዴ ቤት ሄደች። እህቱ አለሚቱ ጥቁር ለብሳ ደጅ ተቀምጣለች። ታዘብ የሚባለው ቡናማ ውሻ እግሯ ሥር ተጋድሟል። አለሚቱ ረቡዕ ለቅሶ ደርሳ ውርጌሳ አድራ፣ ሐሙስ ጠዋት ስትመለስ ውሻውን ከበሩ ምሰሶ ጋር ታስሮ እንዳገኘችው ነገረቻት። ስለዚህም ሰው ሁሉ፣ ወልዴ በዚያ ቀን ያለ ውሻው ነው የወጣው ይላል።

«ቤት ሲሆን ያስረው ነበር?» አለች ዓቢዳ።

«ታዘብን? እዚህ? አስሮት አያውቅም። ገመዱ ለሰው ደጅ ነው። ሰው ቤት ሲገባ ውጭ ያስረዋል፤ ቤቱ ሲደርስ ይፈታዋል።»

«አካፋውስ?»

«ካለ አካፋው መቼ ይወጣ ነበር? ቤት ግን የለም።»

ሬሳው ዘንድም አልተገኘም ነበር። ዓቢዳ ገመዱን ተቀበለች። ገመዱን አስረዝማ፣ ከአፉ ራቅ ብላ ያዘችው፤ ከዚያ ውሻው ወደፈለገበት እንዲሄድ ተወችው።

ወልዴ ይህን መንገድ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይጀምረው ነበር። ሥራው ቦዩን ማየት ቢሆንም አካሄዱ የሽርሽር ነበር። ውሻው ልማዱን አልረሳም። የአስፋልቱን ዳር ይዞ፣ ፓፓያና ሽንኩርት በተደረደረበት ጥላ ሥር፣ ሳይቸኩል ተራመደ። ሰው ወሬውን እያቋረጠ ዞረ። ሂጃብ የለበሰች ፖሊስ ውሻ ስታናፍስ መርሳ አይታ አታውቅም።

«ኢንስፔክተር፣ ተጠርጣሪው እሱ ነው እንዴ?» አለ አንድ ባጃጅ ነጂ። «ካቴና አላደረጉለትም።»

«እስካሁን አልዋሸኝም» አለችው። «ከእናንተ ይሻላል።»

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሁሉም የታሰረውን የሥራ ባልደረባውን አስታወሰ።

ውሻው በኡበይደላ ሻይ ቤት ደጃፍ ቆመ። ኡበይደላ ሳያስበው የዳቦ ቁራሽ ወረወረለት።

«በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ። አያ ወልዴ ሻዩን ቆሞ ነው የሚጠጣ፤ እሱ ደሞ ድርሻውን ሳይበላ አይነቃነቅም።»

«ረቡዕስ?»

«ረቡዕም በላ። ከዐስር ሶላት በፊት ነው።» አለና ፊቱ ተለወጠ። «የጠየቀኝ ሁሉ ሰውየው አለፈ ወይ አለኝ፤ አለፈ አልኩ። ስለ ውሻው የጠየቀኝ የለም።»

በዚያ ቀን ወልዴ ሌላ ያለው ነገር እንዳለ ጠየቀችው። ኡበይደላ ብርጭቆውን እያጠበ አሰበ። ወልዴ ሲወጣ፣ ነገ የሙት አደራ አደርሳለሁ፣ ዛሬ ለባለዕዳው እነግረዋለሁ ብሎት ነበር። የማን እንደሆነ አልነገረውም።

ውሻው ከአስፋልቱ ወደ ቦዩ መንገድ ታጠፈ። ከዘይነባ ግቢ ፊት ለፊት ካለች ዋንዛ ሥር ሲደርስ ማንም ሳያዘው ተኛ፤ አገጩን በእግሮቹ ላይ አሳረፈ። ዘይነባ ወጥታ አየችው። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛች ሴት ዓይን ነበራት።

«እዚያ ነው የሚጠብቀው» አለች። «ወልዴ ሶላት የሚሰገድበት ቤት ነው ብሎ አንድ ቀን ውሻ አስገብቶብኝ አያውቅም። ረቡዕ ግን አልመጣም። ልጄ፣ ሙስዐብ በልቷል?»

«በልቷል፣ እናቴ። የሙት አደራ የሚባለውን ነገር ያውቁታል?»

ዘይነባ ቀስ ብላ ተናገረች። በ2008ቱ ድርቅ ሟች ባሏ አብዱልጀሊል አራት የውሃ ተራውን ለአንድ ሰው አበድሮ ነበር። የእነሱ ብርቱካን ደረቀ፤ የሰውየው ችግኝ ተረፈ። ብድሩ ያለ ወረቀት፣ እጅ ለእጅ በመያያዝ ብቻ ነበር፤ መካከል የቆመው ወልዴ ብቻ ነው። ሰውየው ሳይመልስ ዓመታት አለፉ። አብዱልጀሊል ሰው እንዳያፍር ብሎ ስሙን ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር ሞተ።

«ሰኞ ሙስዐብ የጮኸውም ለዚህ ነው። ስሙን ንገረኝ አለው። ወልዴ፣ ስሙን ሳይሆን ውሃውን አመጣላችኋለሁ አለው። የሽንብራዬ ቡቃያ እስከ እሑድ ውሃ ካላገኘ፣ እኔም ያለ ዘር፣ ልጄም ያለ ነፍስ...»

ከዘይነባ በላይ፣ ቦዩ ላይ፣ በጥቁር ላስቲክ የተነጠፈ የውሃ ኩሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ናትናኤልና ሀብቴ። ናትናኤል ወጣት ነው፤ ወልዴ ሁለት ጊዜ ቀጥቶታል። በር ላይ እጁን አጣምሮ ጠበቃት።

«ጠልቼው ነበር» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ፓፓያዬን አስደርቆብኛል። ከሐሙስ ጀምሮ ግን ማን ያካፍለናል ብዬ እንቅልፍ የለኝም።»

የናትናኤል ማንጎዎች ከትከሻ አይበልጡም፤ አራት ዓመታቸው ነው። ውሻው የበሩን ምሰሶ አሸተተ፣ እግሩን አንሥቶ ሸናበትና መንገዱን ቀጠለ። ናትናኤል ተሳደበ።

የሀብቴ በር ላይ ግን አራት እግሩን መሬት ላይ ተከለ። ገመዱ ተወጠረ። የጀርባው ጸጉር ቆመ፤ ድምፅ ግን አላወጣም። ሀብቴ ፈገግ ብሎ ወጣ። ሽበቱን በአጭሩ የተቆረጠ፣ በሽምግልና የሚጠራ፣ በቀብር ቀን ከማንም በላይ ያለቀሰ ሰው ነው።

«ሙቀቱ መትቶት ነው፤ ግቡ፣ ፓፓያ ይቆረጥላችሁ» አለ።

ዓቢዳ ውሻውን ውጭ አሰረችና ገባች። ማንጎዎቹ በረድፍ ቆመዋል፤ አርባ ያህላሉ፣ ቁመታቸው እኩል ነው።

«ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ዓመት» አለ ሀብቴ በኩራት። «በዚህ ቦይ እንደነሱ ያለ የለም።»

«ረቡዕ ወልዴ መጥቶ ነበር?»

«እሱም ውሻውም ደጄን አልረገጡም።»

ኩሬው ከማንጎው ጀርባ ነው። ውሃው ጥቁርና ዝም ያለ ነበር። ላስቲኩ ከጠርዙ ወደ ታች አዘቅዝቋል፤ አረንጓዴ ዝቃጭ ለብሶ ያብለጨልጫል። ኮንስታብሉ ጠርዙን ሊረግጥ ሲል ክንዱን ያዘችው።

ስትመለስ የሀብቴ የቀን ሠራተኛ በሆነው በኢዘዲን ማረፊያ ዳስ አጠገብ ቆመች። አንድ የቆርቆሮ ሳህን ከሌሎቹ ዕቃዎች ተለይቶ ድንጋይ ላይ ተደፍቷል። አነሣችው። ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ሁሉ ቀይ አፈር ተወሽቋል። ምድጃው እዚያው ነው፤ አመድ ሞልቷል።

«ስንት ጊዜ አጠብከው?» አለችው ኢዘዲንን፣ ሀብቴ በማይሰማበት ድምፅ።

ኢዘዲን መሬት መሬት አየ። «ሰባት» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት በሀብቴ ኩሬ ዙሪያ የቦዩ ሽማግሌዎች፣ ናትናኤል፣ ኡበይደላ፣ አለሚቱና ዘይነባ ተሰበሰቡ። ሙስዐብ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመ። እናቱ ልትነካው እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ዓቢዳ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አሳየች፤ ኢዘዲንም የውሃ ሞተሩን እንዲያስነሣ ነገረችው።

«የሽንኩርቴ ነፍስ ነው ያ ውሃ» አለ ሀብቴ።

«ቦይ ውስጥ ነው የሚፈሰው፤ አይባክንም» አለች።

ሞተሩ ጮኸ። ውሃው በወፍራም ቱቦ ወደ ቦዩ መውረድ ጀመረ። እሷም ከሞተሩ ራቅ አድርጋ ሰበሰበቻቸው።

«ወልዴ የሞተው ውሃ ውስጥ ነው» ብላ ጀመረች። «የዘይነባን ቦይ ግን በእጄ አየሁት፤ ስንጥቁ አልተዘጋም። ውሃ አንድ ሰዓት ቢቆይበት ይዘጋ ነበር። እርጥቡ መሬት የአንድ ሬሳ ያህል ነው። ሙስዐብ በሌለ ውሃ ሰው አያሰጥምም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ሞቶ ነው የተጣለው። ሰው የሚያሰጥም ውሃ ዘንድሮ በዚህ ቦይ ላይ ያለው ሁለት ቦታ ነው።»

ናትናኤል ፊቱ ገረጣ።

«ሁለተኛው ውሻው ነው። ረቡዕ ከኡበይደላ እጅ በልቷል፤ አብሮት ነበር ማለት ነው። ሐሙስ ግን በማይታሰርበት ቤት ታስሮ ተገኘ። ያሰረው ወልዴ አይደለም። ያሰረው ውሻው የሚያውቀው፣ የወልዴን ልማድ ግን የማያውቅ ሰው ነው። ለምን መልሶ ወሰደው? ውሻው ጌታው ከሞተበት ቦታ ስለማይነሣ፣ ያ ቦታ እንዳይታወቅ።»

የኩሬው ውሃ ከጠርዙ አንድ ክንድ ወርዷል።

«ሦስተኛው የሙት አደራ ነው። በ2008 ከተበዳሪው በቀር የማንም ችግኝ አልተረፈም። ቦዩን ከላይ እስከ ታች ሄድኩት። ዛፉ ወይ የቆየ ነው፣ ወይ ከዚያ ወዲህ የተተከለ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ዛፍ ያለበት አንድ ግቢ ብቻ አገኘሁ። ባለቤቱ ራሱ ነገረኝ።»

ሽማግሌዎቹ ማንጎዎቹን፣ ቀጥሎ ሀብቴን አዩ።

«ዕድሜ መቁጠር ማስረጃ ነው?» አለ ሀብቴ። «ውሻ ደጄ ላይ ስለቆመስ?»

«አይደለም። አቶ ሀብቴ፣ እሱም ውሻውም ደጄን አልረገጡም አሉኝ። ሳህን በአመድ ይፈተጋል፤ የኢዘዲን ሳህን ግን በአፈር ታሽቷል። እኛ ሙስሊሞች ሳህንን በአፈር አሽተን ሰባት ጊዜ የምናጥበው ውሻ አፉን ሲያስገባበት ነው። ኢዘዲን፣ መቼ ነው?»

ኢዘዲን ጉሮሮውን ጠረገ። «ረቡዕ። ዐስር ሰግጄ ስመለስ ታዘብ ገመዱን እየጎተተ ንፍሮዬን ሲበላ ደረስኩ። አያ ወልዴን አላየሁም፤ ይሄን ብምል እውነቴን ነው። ጋሼ ከኩሬው በኩል መጡና ዛሬ ይበቃሃል፣ ሂድ አሉኝ። ታጥቤ፣ ሳህኔን አጥቤ ሄድኩ። ልቤ ስላልወደደው ግን እስካሁን አልበላሁበትም።»

ሞተሩ ብቻ ይጮኻል። ውሃው ወገብ ያህል ሲወርድ አለሚቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በአረንጓዴው ዝቃጭ ላይ የጣት መስመር ታየ፤ አራት አራት ሆኖ ወደ ላይ ይወጣና ይንሸራተታል። እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይንሸራተታል። የኩሬውን አንድ ጎን ሞልቶታል።

ሀብቴ ዓይኑን መለሰ። ሌሎቹ መመለስ አቃታቸው።

ሞተሩ አየር መሳብ ሲጀምር ከጭቃው ውስጥ አንድ ባለ አጭር እጀታ አካፋ ወጣ። አለሚቱ አወቀችው። እጀታው ላይ የወንድሟ እጅ ያሰረው የጎማ ጥብጣብ አለ።

«ውሃው የሚንሳፈፈውን ሬሳ መለሰልዎት፤ የሰመጠውን ይሄን ግን አልመለሰልዎትም» አለች ዓቢዳ።

ሀብቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ድምፁ የሽማግሌነት ቃናውን አልለቀቀም።

«ከነገ ጀምሮ አራት ተራ የአብዱልጀሊል ነው አለኝ። አራት ተራ! ሽንኩርቱ ይሞታል፣ በመጪው ዓመት እመልሳለሁ አልኩት። ዘጠኝ ዓመት በመጪው ዓመት ስትል ኖርክ አለኝ። አንዴ ነው የገፋሁት፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ። ብይዘው ይወጣ ነበር። ቆሜ አየሁት።»

«ቀጥሎም ሬሳውን አምጥተው ደጄ ጣሉት» አለች ዘይነባ። ያን ዕለት የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር። «ልጄ እንዲሞትበት።»

ፖሊሶቹ ሀብቴን ሲወስዱት በሩ ላይ ታስሮ የነበረው ውሻ ተነሥቶ ቆመ፤ አልጮኸም፤ እስኪርቅ አየው።

ሙስዐብ እጁ ሲፈታ ወደ እናቱ ሳይሆን ወደ ቦዩ ሮጠ። የኩሬው ውሃ ከሞተሩ ቱቦ ወጥቶ በናትናኤል ማሳ ጎን አልፎ፣ ገለባና አቧራ እየገፋ ይወርዳል። ናትናኤል የራሱን መክፈቻ በድንጋይና በጭቃ ዘጋው፤ ማንም አላዘዘውም። ሽማግሌዎቹ ይህን ውሃ እንደ አንድ ተራ ቆጥረው፣ የቀሩት ሦስት ተራዎች ከሀብቴ ድርሻ ለዘይነባ እንዲሆኑ እዚያው ቆመው ወሰኑ።

ዓቢዳ ገመዱን ፈታችው። ውሻው በውሃው ፊት ፊት፣ ሳይቸኩል፣ እስከ ዋንዛዋ ሄዶ ተኛ። ዘይነባ ከቤቷ አንድ አሮጌ ሳህን አምጥታ ሥሩ አስቀመጠች፤ ተመልሶ ወደ ቤት የማይገባ ሳህን መሆኑ ስታስቀምጠው ያስታውቃል። ከዚያ ወልዴ የተገኘበት ቦታ ላይ ቆመች።

ውሃው ደረሰ። ስንጥቆቹ መጀመሪያ ዋጡት፤ አረፋ ተፉ፤ ቀስ በቀስ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ሙስዐብ የማሳውን መክፈቻ በዶማ ቀደደ። ዘይነባ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ አስገባች።

«አብዱልጀሊል» አለች፣ «ደረሰ።»